ሰዓቱ የሚቆጠረው ከየት ጀምሮ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ትልቁ አንጀት ካንሰር ጽፈን ነበር። አሜሪካ ውስጥ ምርመራው ከ45 ዓመት ጀምሮ እንዲደረግ ከ2021 ወዲህ እንደሚመከርና በ2022 ብቻ በዓለም ላይ 1.9 ሚሊዮን ያህል ሰው አዲስ እንደታመመ አንስተን ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ስለ ምርመራው ትጠይቃላችሁ ብዬ ስጠብቅ የመጡት ደብዳቤዎች አንጀት ኦፕራሲዮን ስለሚደረግበት ሮቦት ሆኑ። ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ለምን ይረዝማል፣ ሰዓቱን የሚቆጥረውስ ማን ነው የሚሉ ናቸው። አራቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ 68 ዓመቱ ነው፣ ከአዲስ አበባ መጥቶ እኔ ጋ ነው ያለው። የሬክተም (የትልቁ አንጀት መጨረሻ) ካንሰር ተገኝቶበት ጨረሩንም ኬሞውንም ጨርሷል። አሁን በሮቦት ኦፕራሲዮን ሊደረግ ነው። ሐኪሙን ስንት ሰዓት ይፈጃል ስለው “ሦስት ሰዓት ገደማ” አለኝ። ቀጠሮ የምትይዘው ልጅ ደግሞ “ክፍሉን ለስድስት ሰዓት ይዘናል” አለችኝ። ማንን ልመን? የአክስቴ ልጅ ሌላ ሆስፒታል ያለ ሐኪም በሁለት ሰዓት ይጨርሳል እያለ ያደናግረኛል። ወደዚያ እንሂድ ወይ? አባቴ በበኩሉ “ማሽን ሆዴን ሊቀደው ነው” ብሎ እንቅልፍ አጥቷል። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከአባትሽ እንጀምር። ማሽኑ በራሱ ምንም አይቆርጥም። ሐኪሙ እዚያው ክፍል ውስጥ ከአልጋው ትንሽ ራቅ ብሎ ኮንሶል የሚባለው ላይ ይቀመጣል። ፊቱን መመልከቻው ውስጥ ያስገባና በጣቶቹና በእግሩ ያዛል። ክንዶቹ የሚንቀሳቀሱት እሱ ሲያንቀሳቅሳቸው ብቻ ነው፤ ፊቱን ከመመልከቻው ቀና ካደረገ ባሉበት ይቆማሉ። አልጋው አጠገብ ደግሞ ረዳት ሐኪም፣ ስክራብ ነርስ (መሣሪያ የምታቀብለው) እና ሰመመን ሰጪ አሉ። ይኼንን ቁጭ ብለሽ ንገሪያቸው፣ ያረጋጋቸዋል።

ወደ ሰዓቱ ስንመጣ፣ ሐኪሙም ልጅቷም አልዋሹሽም። ከመገናኛ ፒያሳ ሃያ ደቂቃ ነው የሚል ሰው ታክሲ ጥበቃ የተሰለፈበትን አይቆጥርም አይደል? ሐኪሙ የነገረሽ ኮንሶሉ ላይ የሚቀመጥበትን ጊዜ ነው። ልጅቷ የነገረችሽ አባትሽ በበሩ ገብተው እስኪወጡ ያለውን ነው።

መሃሉ ላይ ብዙ ሥራ አለ። አባትሽ ሲገቡ ስማቸውንና የሚሠራላቸውን ነገር እንደገና ይጠየቃሉ (አስተርጓሚ ከፈለጉ ከወዲሁ አስይዢ፣ ጠዋት ላይ ስልክ ሲደወል የሚጠፋው ጊዜ ቀላል አይደለም)። ሰመመን ይሰጣቸዋል፣ የሽንት ቱቦ ይገባል። እግራቸው መደገፊያ ላይ ይወጣል፣ እጃቸው ከጎናቸው ይጠቀለላል፣ ከሥራቸው የማያንሸራትት ነገር ይነጠፋል። ይኼ ሁሉ ጣጣ አልጋው ጭንቅላታቸው ዝቅ እንዲል ስለሚዘነበል ነው፤ ያኔ ትንሹ አንጀት ወደ ላይ ሸሽቶ ዳሌው ውስጥ የሥራ ቦታ ይገኛል። ማሽኑ ከሆዳቸው ጋር ተያይዞ ሳለ ሰውነታቸው ቢንሸራተት ግን ጉዳት ነው። ሆዳቸው ይጸዳል፣ ይሸፈናል፣ ሁሉም ቆም ብሎ ማን እንደሆኑና ምን እንደሚሠራ ጮክ ተብሎ ይነገራል። ከዚያ ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ ሆዳቸው በጋዝ ይነፋል። ስምንት ሚሊሜትር የሆኑ ቱቦዎች ይተከላሉ። አልጋው ይዘነበላል። ማሽኑ የሚጠጋው ገና ያኔ ነው፣ ክንዶቹ አንድ በአንድ ከቱቦዎቹ ጋር ይያያዛሉ፤ ይኼንን ዶኪንግ ይሉታል። የለመደ ቡድን በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል። ያልለመደ ቡድን ሲሆን ክንዱ ከክንድ ይጋጫል፣ ይፈታል፣ እንደገና ይታሰራል። የሐኪሙ “ሦስት ሰዓት” የሚጀምረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እሱ ሲያበቃም ሥራው አላበቃም። የታመመው አንጀት በትንሽ ቀዳዳ ይወጣል። የቀሩት ሁለት ጫፎች በስቴፕለር (አንጀት በሚሰፋ መሣሪያ) ይጋጠማሉ። ዳሌው ውስጥ ውሃ ይሞላና ከታች አየር ይነፋል፣ አረፋ ከወጣ መጋጠሚያው ያፈስሳል ማለት ነው፣ ይጠገናል። ጨረር ለወሰደ ሰው ብዙ ጊዜ ጊዜያዊ ስቶማ (ሰገራ ሆድ ላይ ወዳለ ከረጢት የሚወጣበት ቀዳዳ) ይሠራል፤ ይኼንን ሐኪሙን ከወዲሁ ጠይቂው፣ አባትሽ ነቅተው ሆዳቸው ላይ ከረጢት ሲያዩ እንዳይደነግጡ። ከዚያ መስፋት አለ፣ መንቃት አለ። ስድስት ሰዓት ማለት ይኼ ሁሉ ተደምሮ ነው፣ በላዩ ላይ ደግሞ ትንሽ መጠባበቂያ ተጨምሮበት።

ሮቦት ከላፓራስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ ሐኪሙ በእጁ ከሚሠራው) ይረዝማል ወይ ብትይኝ አዎ፣ ብዙ ጊዜ ይረዝማል። ሮላር የሚባለው ጥናት በ2017 ሲታተም፣ በ10 አገሮች 471 የሬክተም ካንሰር ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ነበር ያወዳደረው። የሮቦቱ ኦፕራሲዮን በአማካይ 37.5 ደቂቃ ረዘመ። በመሃል ሆድን ሰፋ አድርጎ መክፈት ግድ የሆነባቸው በሮቦት 8.1 ከመቶ፣ በላፓራስኮፒ 12.2 ከመቶ ነበሩ፤ ልዩነቱ ግን በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነው ተባለ። ወጪው ደግሞ የሮቦቱ በለጠ። ያኔ ብዙ ሰው “ታዲያ ምን አደከመን?” አለ። በኋላ ቻይና ውስጥ 11 ሆስፒታሎች ከ1,200 በላይ ታካሚዎች ይዘው፣ ልምድ ባላቸው ሐኪሞች እጅ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ የሬክተም ካንሰርን አጠኑ። በወጣው ሥጋ ጠርዝ ላይ ካንሰር የተገኘባቸው በሮቦት 4 ከመቶ፣ በላፓራስኮፒ 7.2 ከመቶ ሆኑ። በሦስት ዓመት ውስጥ በሽታው እዚያው አካባቢ የተመለሰባቸው ደግሞ 1.6 ከመቶና 4 ከመቶ። እኔ አባትሽን ብሆን በዚህ ልዩነት 37 ደቂቃዬን ያለ ጭቅጭቅ እሰጣለሁ።

ስለዚህ የሁለት ሰዓቱን ሐኪም ተዪው። መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ግን በፍጥነት ሐኪም አይመረጥም። ሁለት ሰዓቱ ከየት ጀምሮ እንደተቆጠረ የአክስትሽ ልጅም አያውቅም። ደግሞ ከላይ ያለ የአንጀት ዕጢና ጨረር የወሰደ ዝቅ ያለ ዕጢ አንድ ሥራ አይደሉም፤ ዳሌው ጠባብ የሆነ ወንድ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሐኪሙን ጠይቂ ካልሽ እነዚህን ጠይቂ፦ በዓመት ስንት የሬክተም ካንሰር ይሠራሉ? ከመቶ ስንቱ ወደ ክፍት (ሆድን ሰፋ አድርጎ ወደ መክፈት) ይዞራል? ከስንቱ መጋጠሚያው ያፈስሳል? ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ የፓቶሎጂውን (የወጣው ሥጋ ምርመራ) ወረቀት ቅጂ ውሰጂ። ጠርዙ ንጹህ መሆኑን፣ የታዩት የሊምፍ እጢዎች ቢያንስ 12 መድረሳቸውን (ጨረር ከወሰዱ በኋላ ሊያንስ ይችላል፣ አትደንግጪ)፣ አንጀቱን የሸፈነው ስብ ሳይቀደድ ሙሉውን መውጣቱን ይነግርሻል። ጥሩ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይከፋም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዳላስ ውስጥ ሆስፒታል የኦፕራሲዮን ክፍል ቴክኒሻን ነኝ። ሮቦቱ ክፍል ከገባሁ ብዙም አልቆየሁ። ሰሞኑን አንዲት ሴትዮ ታብሌት ይዛ ጥግ ላይ ትቆማለች። በር ሲከፈት ትጽፋለች፣ መሣሪያ ስቀይር ትጽፋለች፣ ስቴፕለር ፍለጋ ስወጣ ትጽፋለች። አለቃችን በየስብሰባው “ተርንኦቨር፣ ተርንኦቨር” ነው ወሬው። የአንጀት ክፍል ሁሌ ጭራ ነው፣ ፕሮስቴት (የወንዶች እጢ) የሚሠሩት ጥለውን ይሄዳሉ። ልባረር ነው እንዴ? ምንድን ነው የምትቆጥረው? (ከዳላስ፣ ቴክሳስ)

መልስ፦ አይዞህ። ሥራዋን የምታውቅ ከሆነ የምትቆጥረው አንተን አይደለም፣ ሥራው የሚቋረጥባቸውን ቦታዎች ነው። በር መከፈት፣ የጎደለ ዕቃ፣ ያልተሰማ ትእዛዝ፣ የስልክ ጥሪ፣ ክንድ ሲጋጭ፣ ካሜራው ሲደበዝዝ።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስልህ። ፍራንክ ጊልብረዝ የሚባል አሜሪካዊ የጡብ ግንበኞችን እጅ እንቅስቃሴ ሲያጠና ኖሮ በ1910ዎቹ ካሜራውን ይዞ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባ። ሐኪሙ መሣሪያ በፈለገ ቁጥር ዓይኑን ከታካሚው አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያማርጥ አየ። ነርሷ ትያዝለት፣ ሲጠራው መዳፉ ላይ ታኑርለት አለ። አንተ ዛሬ የምታደርገው ማቀበል ያኔ የቀረበው ሐሳብ ነው።

አሁን የሚለካው በክፍል በክፍል ተቆራርጦ ነው። ታካሚው ከገባ እስከ ሰመመን፣ ከሰመመን እስከ መጀመሪያው ቀዳዳ፣ ከቀዳዳ እስከ ዶኪንግ፣ የኮንሶል ጊዜ፣ ማሽኑ ከተፈታ እስከ መጨረሻው ስፌት፣ ከዚያ እስከ መውጣት። ተርንኦቨር የሚሉት አንዱ ታካሚ ወጥቶ ቀጣዩ እስኪገባ ያለውን ነው። መቆራረጡ ለምን ይጠቅማል? አንዱ ክፍል አራት ሰዓት ተኩል ፈጀ፣ ሌላው አራት ሰዓት ፈጀ ቢሉህ ምንም አላወቅክም። ሠላሳ ደቂቃው ሐኪሙ እጅ ላይ ነው? ሰመመኑ ላይ ነው? ወይስ አንተ ኮሪደር ላይ የሮጥክበት? ሦስቱ ሦስት የተለያየ መፍትሔ ነው የሚፈልጉት። ድምሩን ብቻ ይዞ ስብሰባ ላይ የሚጮህ አለቃ የሚያገኘው ነገር ቢኖር የተኮሳተረ ሠራተኛ ነው።

ስቴፕለሩን ራሱ እንውሰደው። ሐኪሙ ሬክተሙን ከዙሪያው ለይቶ ጨረሰ፣ “ስቴፕለር” አለ። ካርትሪጁ (ስቴፕሎቹ ያሉበት መሙያ) ክፍሉ ውስጥ የለም፣ ወይም ያለው በቀለም ሌላ ነው፣ ለቀጭን ሥጋ የሚሆን። አንተ ትወጣለህ። ማከማቻው ተቆልፏል፣ ኮዱን የምታውቀው ልጅ ምሳ ላይ ናት። ሐኪሙ ኮንሶሉ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ሰመመን ሰጪው ሰዓቱን ያያል፣ ታካሚው ጭንቅላቱ ወደ ታች እንደተዘነበለ ነው። ሰባት ስምንት ደቂቃ። ሪፖርቱ ላይ ግን ይኼ ሁሉ “የኮንሶል ጊዜ” ተብሎ ነው የሚገባው፣ እና ሐኪሙ ዘገምተኛ ይመስላል። ሴትዮዋ ካልጻፈችው ማንም አያውቀውም። ስለዚህ በእሷ አትናደድ፣ እንዲያውም ጠጋ ብለህ ማከማቻው እንደተቆለፈ ንገራት።

ሌላው የሮቦቱ ጣጣ ሐኪሙ አጠገብህ አለመሆኑ ነው። ፊቱ መመልከቻው ውስጥ ነው፣ ድምፁ በድምፅ ማጉያ ይመጣል፣ ራስህን ብትነቀንቅ አያይህም። “መቀስ” ሲል አንተ “መቀስ፣ ክንድ ሦስት፣ ገብቷል” ብለህ ጮክ ካላልክ ይጠብቃል፣ ወይ ይደግማል፣ ወይ ይበሳጫል። አሥር አሥር ሰከንድ እየሆነ ይሄዳል፣ በአንድ ኦፕራሲዮን ደግሞ መሣሪያ የሚቀየረው አንዴ ሁለቴ አይደለም። ነገ ጀምረህ ሞክረው፣ ማንንም ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግህም።

ከፕሮስቴቶቹ ጋር ማወዳደሩን በተመለከተ ግን አለቃህ ተሳስቷል፣ በትሕትና ንገረው። ፕሮስቴት አንድ ቦታ ነው። የአንጀቱ ሥራ በግራ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር፣ ከጣፊያ አጠገብ ይጀምርና ዳሌ ወለል ላይ ያልቃል። በድሮዎቹ ማሽኖች ለዚህ ሲባል ማሽኑን ፈትቶ አዙሮ እንደገና ማሰር ነበር፤ በ2014 የወጣው ዳ ቪንቺ ኤክስ አይ የተባለው ሮቦት ብዙውን አቃለለው እንጂ ጨርሶ አላጠፋውም። በዚያ ላይ ሁለት የሥራ ሜዳ አለ፣ ሆድና ከታች። ከታች የነካ ጓንትም መሣሪያም ወደ ላይ አይመለስም። ስለዚህ ትሪው ይበዛል፣ ጽዳቱ ይበዛል፣ ቆጠራው ይበዛል። አንጀት ከአንጀት ጋር ይወዳደር፣ ያውም ቀኝ ከቀኝ፣ ሬክተም ከሬክተም።

ገንዘቡንም ላንሳልህ፣ ስብሰባው ላይ መነሳቱ አይቀርምና። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ2014 የሆስፒታሎች ሒሳብ ላይ በተሠራ ስሌት የአንድ ደቂቃ የኦፕራሲዮን ክፍል ወጪ በአማካይ ከ36 እስከ 37 ዶላር ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ይኼን ቁጥር የሰማ ኃላፊ ወዲያው በአሥር ደቂቃ ያባዛና 360 ዶላር አተረፍኩ ይላል። አላተረፈም። የእናንተ ደመወዝ፣ መብራቱ፣ የማሽኑ የዓመት ጥገና ውል እንዳለ ነው። አሥር ደቂቃ ገንዘብ የሚሆነው ተጠራቅሞ አንድ ተጨማሪ ታካሚ ሲያስገባ፣ ወይም ከሥራ ሰዓት በላይ የሚከፈለውን ሲያስቀር ነው። ረጅም የሬክተም ኦፕራሲዮን በቀን ሁለት ብቻ በሚገባበት ክፍል አሥር ደቂቃ ብታተርፍ ሦስተኛ ታካሚ አይገባም። ቀኑ ግን በጊዜ ያልቃል፣ አንተም ልጅህን ከትምህርት ቤት ታወጣለህ፣ እሱም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው።

እንዳይነካ የምትከራከርለት ነገር አለ፤ ከመጀመሩ በፊት ቆም ብሎ ማረጋገጡና የፋሻ (ጋዝ የሚሉት) እና የመሣሪያ ቆጠራው። የዓለም ጤና ድርጅት የ19 ነጥብ የማረጋገጫ ዝርዝር በስምንት ከተሞች ሲሞከር ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 ከመቶ ወርዶ ነበር፣ በ2009 ነው የታተመው። እዚያ ላይ ሁለት ደቂቃ ቆረጥን ብሎ የሚኩራራ ካለ ዝም አትበል። ከዚህ ውጪ ሦስት ነገር ጠይቅ፦ መዘግየቱ በሰው ስም ሳይሆን በምክንያት ይመዝገብ፤ ጠዋት ከመጀመሪያው ታካሚ በፊት ሐኪሙ ባለበት አምስት ደቂቃ ቆማችሁ የትኛው ስቴፕለር፣ ስንት ካርትሪጅ፣ ስቶማ አለ ወይ ተባባሉ፤ ደግሞ ሮቦቱ ላይ የሚገባው ቡድን በየቀኑ አይቀያየር። ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ማሽኑን የሚያውቁ፣ እርስ በርስም የሚተዋወቁ አራት ሰዎች ከማንኛውም አዲስ ሶፍትዌር ይሻላሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል። ሴትዮዋ በቆመችበት ሳምንት ሁላችሁም ትፈጥናላችሁ። ሰው ሲታይ ይፈጥናል። የዚያን ሳምንት ቁጥር ይዘው “ይኸው ትችላላችሁ” ካሉህ፣ ከሄደች በኋላ ያለውን ወር ደግሞ አምጡ በል።

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ። አዲስ አበባ የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ነኝ። የምሠራበት ሆስፒታል ሮቦት የለውም፤ ላፓራስኮፒ አልፎ አልፎ እንሠራለን፣ አብዛኛው ክፍት ነው። በአንጀት በኩል በብዛት የሚመጣብን የሲግሞይድ (ከሬክተም በላይ ያለው የትልቁ አንጀት ክፍል) መጠምዘዝ ነው። የሮቦት ጥናቶች ላይ ሁሌ ኪዩሰም የሚባል ግራፍ አያለሁ። በቀላሉ ቢያስረዱኝ። ለእኛስ ይሠራል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ዶክተር፣ ይሠራል፣ ብዕርና ወረቀት ይበቃዎታል። ኪዩሰም ከሮቦት ጋር የተወለደ አይደለም፣ ፔጅ የተባለ እንግሊዛዊ የስታቲስቲክስ ሰው በ1954 ለፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር ያወጣው ዘዴ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ዒላማ ይያዙ፣ ለምሳሌ በቀጠሮ ለሚሠራ የግራ አንጀት 150 ደቂቃ። የመጀመሪያው 185 ፈጀ፣ ልዩነቱ ሲደመር 35። ሁለተኛው 170፣ ልዩነቱ 20፣ ከቀድሞው ጋር 55። ሦስተኛው 160፣ ድምሩ 65። አራተኛው 140 ሆነ፣ አሥር ይቀነሳል፣ 55። አምስተኛው 145፣ 50። እነዚህን ድምሮች በተራ ነጥብ አድርገው ያገናኙ። መስመሩ ሽቅብ ሲወጣ ገና እየተማሩ ነው፣ ሲተኛ ዒላማው ላይ ደርሰዋል፣ ሲወርድ አልፈውታል። አማካይ ይኼንን አያሳይም፤ ሃምሳ ኦፕራሲዮን አንድ ላይ ጨፍልቆ አንድ ቁጥር ይሰጥዎታል፣ መቼ እንደተሻሻሉ አይነግርዎትም።

በ2011 የታተመ ሥራ የአንድ ሐኪምን 50 ተከታታይ የሮቦት የአንጀት ኦፕራሲዮኖች በዚህ መንገድ ሲያይ ሦስት ምዕራፍ አገኘ፦ መጀመሪያ 15 መማሪያ፣ ቀጥሎ 10 የተረጋጋ፣ ከዚያ 25 ሐኪሙ ከበድ ያሉትን መያዝ የጀመረበት። ሦስተኛውን ልብ ይበሉ። ሐኪም ሲበረታ የሚመጡለት ታካሚዎችም ይከብዳሉ፣ ስለዚህ መስመሩ እንደገና ሽቅብ ሊል ይችላል። ሰውየው ዘቀጠ ማለት አይደለም። ለዚህ ነው ከሰዓቱ ጎን ሌላ መስመር የሚያስፈልገው፤ የመጋጠሚያ ማፍሰስ፣ በ30 ቀን ውስጥ እንደገና መከፈት፣ የቁስል መመርቀዝ። ሰዓቱ እየወረደ ማፍሰሱ እየጨመረ ከሆነ እየተማሩ ሳይሆን እየቸኮሉ ነው።

ለእርስዎ ሆስፒታል የምለው ይኼ ነው። አምስት ሰዓት ይመዝግቡ፦ ታካሚው ሲገባ፣ ሰመመን ሲጀመር፣ ቆዳ ሲከፈት፣ ቆዳ ሲዘጋ፣ ታካሚው ሲወጣ። አጠገቡ አንድ መስመር፣ ከዘገየ ለምን፦ ደም አልመጣም፣ ኦክስጅን፣ መብራት፣ ላውንድሪ፣ የቀድሞው ታካሚ ማገገሚያ አልጋ አጣ። ሌሊት የመጣውን መጠምዘዝና በቀጠሮ የሚሠራውን ካንሰር በአንድ ግራፍ አያስገቡ፤ አንጀቱ ሞቶ የመጣ ሰውና የተነፋው አንጀቱ በቱቦ ተንፍሶለት ከሁለት ቀን በኋላ የሚሠራ ሰው እንኳ አንድ አይደሉም።

ደግሞ የሰዓት አጻጻፍ። ይኼ የእኛ አገር ልዩ ችግር ነው፣ ማንም የውጭ መመሪያ ላይ አይጽፈውም። ሰመመን ሰጪው ሞኒተሩን አይቶ 8:40 ብሎ ይጽፋል፣ ነርሷ የግድግዳውን አይታ 2:50። መዝገቡን ኮምፒውተር ላይ የሚያስገባው ልጅ ቀንሶ ኦፕራሲዮኑ ታካሚው ከመግባቱ በፊት አለቀ ይልዎታል። ቢያንስ ያ ስሕተት ይታያል። ችግሩ ልዩነቱ አሳማኝ መስሎ ሲያልፍ ነው። ስለዚህ አንድ ሰዓት ይምረጡ፣ የግድግዳው ይሁን፣ አንድ አቆጣጠር ይስማሙ፣ ወረቀቱ ራስጌ ላይ በትልቁ ይጻፉት።

ብቻዎን የጀመሩት አይምሰልዎ። ጤና ሚኒስቴር ከ2016 እስከ 2020 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ዕቅድ፣ ሳልትስ የሚባለው፣ የኦፕራሲዮን ክፍል ሥራን መለካት አንድ ጉዳዩ አድርጎት ነበር። ክሊን ከት የተባለው፣ ላይፍቦክስ የሚባለው የቀዶ ሕክምና ደህንነት ድርጅት ፕሮግራም ደግሞ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ውስጥ ነው ያደገው፤ አንቲባዮቲክ በሰዓቱ ተሰጠ ወይ፣ መሣሪያው በትክክል ተቀቅሎ ወጣ ወይ፣ ጋዙ ተቆጠረ ወይ እያለ ሥራውን በደረጃ በደረጃ የሚያይ ነው። የሮቦት ክፍሎች ዛሬ በታብሌት የሚሠሩት በመሠረቱ ይኼንኑ ነው። ከሆስፒታልዎ የጥራት ክፍል ወረቀቱን ጠይቀው ያግኙ፣ ከዜሮ አይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። ባለፈው ዓመት በሮቦት አንጀቴ ተሠርቷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን ድኛለሁ። አሁን ግን ማሽኑ ሁሉን ነገር ይቀዳል ሲሉ ሰማሁ። የእኔስ ቪዲዮ ማን ጋ ነው? (አንድ አንባቢ)

መልስ፦ እንኳን አተረፈዎት። ማሽኑ ብዙ ነገር መያዝ ይችላል፦ መቼ እንደተያያዘ፣ የትኛው መሣሪያ ስንት ጊዜ እንደገባ፣ ክንዱ እንዴት እንደተንቀሳቀሰ። ከመሣሪያዎቹ ብዙዎቹ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ እንዲሠሩ ስለተደረጉ አጠቃቀማቸውን ራሱ ማሽኑ ይቆጥራል። ሐኪሞች የገዛ ራሳቸውን ሰዓት በስልክ መተግበሪያ ሊያዩ ይችላሉ። በ2024 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ዳ ቪንቺ 5 ደግሞ መሣሪያው ሥጋውን በምን ያህል ኃይል እንደገፋ ይለካል። ቪዲዮ ግን ሌላ ነገር ነው፣ አንዳንዱ ሆስፒታል ያስቀምጣል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይቀዳም።

አውሮፓ ውስጥ ስለሆኑ ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የመረጃ ጥበቃ ሕግ ይረዳዎታል። በስምዎ የተያዘ መረጃ ካለ ምን እንደሆነ መጠየቅና ቅጂ ማግኘት መብትዎ ነው። ለሆስፒታሉ የመረጃ ጥበቃ ኃላፊ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ፣ የተሠሩበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥርዎን ይጨምሩ። በአንድ ወር ውስጥ መልስ ሊሰጡዎት ይገባል። ቪዲዮው ስምዎ ጠፍቶ ለማስተማሪያ ተሰጥቶ ከሆነ ግን የእርስዎ የትኛው እንደሆነ እነሱም ላያውቁት ይችላሉ።